ለዳክዬ የወረደ ሙሾ

መጽሐፉን ያመጣው ባሌ ነው። ሾፌር ነበር፤ ከገለምሶና ከበደሳ ቡና ጭኖ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ያራግፋል፣ ጭነት ሲገኝ ድሬዳዋ ድረስ ይዘልቃል። ለሌሎቹ ሾፌሮች ሚስቶች ከድሬዳዋ ሽቶና የሐር ሻሽ ይመጣላቸዋል። የኔው ከአንድ አርመን ሱቅ የሕፃን መጽሐፍ ገዝቶ ከች አለ። ልጃችን ያኔ ገና ቆማ መሄድ አልጀመረችም። የኔ ሻሽስ ብለው፣ ሻሽ ሁሉም ቤት አለ፣ ይኼ ግን አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሌላ የለም አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን ብዙ ቀን አኮረፍኩት።

ገጾቹ እንደ ካርቶን ወፍራም ናቸው። በየገጹ አንድ እንስሳ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር የፈረንሳይ ጽሑፍ። ዳክዬዋ ባርኔጣ ደፍታለች፣ ጥንቸሏ ካፖርት ለብሳለች፣ ዝሆኑ ጀርባው ላይ ጆንያ ተጭኗል። አንድ ማናችንም የማናውቀው ጠጉራም አውሬ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን አጣምሯል። መጨረሻ ላይ አሳማ አለ። እኔ በልጅነቴ ገለምሶ ተምሬ አማርኛ እንደ ልቤ አነባለሁ፤ የፈረንጁን ግን ፊደሉን እንኳ ለይቼ አላውቅም። ባሌም አያውቅም፤ እሱ ግን መጠየቅ አያፍርም። ሚኤሶ ጣቢያ ትኬት የሚሸጡትን፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁትን ሰው ለምኖ አስነበባቸውና የመስመሮቹ መጨረሻ ቤት እንደሚመታ ሲሰማ ተገረመ። ጥርስ ላላበቀለ ልጅ ግጥም የሚጽፍ አገር አለ ብሎ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራ። ቃሉ ጠፍቶበት ዜማውን ብቻ ይዞ መጣና፣ ልጅቷን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፈረንሳይኛም አማርኛም ያልሆነ ነገር ያነበንብላት ጀመር። መጨረሻው ብቻ ቤት ይመታል። ልጅቷ መስመሩ ሊያልቅ ሲል አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ባሌ ሞተ። ከበደሳ ሲመለስ ዝናብ መንገዱን ሸርሽሮት ኖሮ መኪናው ከነቡናው ገደል ገባ። ሬሳውን ይዘው ሲመጡ ደጅ ቆሜ ነበር። የሆነውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የተሰማኝን አትጠይቁኝ፣ የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ እኔ የዕድሩ ድንኳን አንዱ ካስማ መላላቱን አያለሁ። ፀጉሬን ላጩኝ፣ ጥቁር አለበሱኝ፣ መሬት ላይ አስቀመጡኝ፤ እንዳስቀመጡኝ ቁጭ አልኩ። በለቅሶ ቤት ከሁሉ በፊት የሚታየው የሚስቲቱ ዓይን ነው፤ የኔ ደረቅ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለውን ተረት ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሁሉ እየተቀባበሉ አሉት። እኔ እንድሰማም ነበር ያሉት። ሰማሁ፤ እሱም ምንም አላለኝም።

ግድግዳ የሚጋሩኝ ጎረቤቴ በከተማው የታወቁ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ወፈር ያሉ፣ ሲስቁ ሆዳቸው የሚንቀጠቀጥ፣ መብል የሚወዱ ሴት ናቸው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የሚባለው ለሳቸው ነው፤ ጭሮ ውስጥ፣ አሰበ ተፈሪን እኛ እንዲያ ነው የምንላት፣ ሰው ሲሞት ከቄስ ቀጥሎ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ለባሌ ቀኑን ሙሉ አለቀሱለት፤ ያሽከረከረባቸውን ከተሞች አንድ በአንድ እየጠሩ ቤት አስመቷቸው። ሾፌሮቹ ሁሉ ተንሰቀሰቁ። ሲመሽ ድምፃቸው ሰልሎ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ሥራው እንደ ተበላሸበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው፣ አንቺን ማስለቀስ አቃተኝ አሉኝ። ይቅርታ እትዬ አልኳቸው።

ልጅቷ አባቷ ከሞተ በኋላ ዝም አለች። ከዚያ በፊት እማ፣ አባ፣ ውሃ፣ መኪና ትል ነበር፤ ቀስ በቀስ ሁሉንም ተወች። ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረማ። እኔ ቁጭ ብዬ ጥጥ እፈትላለሁ። ስትራብ አበላታለሁ፣ ስትቆሽሽ አጥባታለሁ፣ ሲበርዳት አለብሳታለሁ፤ ቃል ግን አላወጣም። መጽሐፉን ይዛ ትመጣና ጭኔ ላይ ትጥለዋለች። ገልጬ የፈረንሳዩን ጽሑፍ አየውና መልሼ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ትወስድለታለች። ለቄሱ ወሰደችላቸው። ጫት የሚነግዱት እስላሙ ጎረቤታችን ሊያጽናኑኝ ሲመጡ ለሳቸውም ወሰደችላቸው፤ ራሷን እየዳበሱ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እኔ ይኼን በምን አውቄ አሏት። ሁሉም ሥዕሉን አይቶ ይመልስላታል። አንድ ቀን መጽሐፉን መሬት ላይ ወረወረችውና ማንሣት ተወች።

በአርባው የባሌ ታላቅ እህት ከድሬዳዋ መጡ። እኔ እታለም ነበር የምላቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ወንድማቸውን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ልጅቷን ሲያዩ ዋሉ፣ እኔንም ሲያዩ ዋሉ። ሲሄዱ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ይች ልጅ በዚህ ቤት ዲዳ ትሆናለች፤ በመንፈቁ እመጣለሁ፤ ያኔም አፏን ካልፈታች ይዣት ድሬዳዋ እሄዳለሁ አሉ። አንቺም ገና ልጅ ነሽ፣ ታገቢያለሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው። አባቴ ገለምሶ ሌላ ሚስት አግብቶ ሌላ ልጆች ወልዷል፤ የሚሟገትልኝ ሰው አልነበረም። ልጅቷን ግን መስጠት አልፈለግሁም። ለምን ብትሉኝ አላውቅም፤ አልፈለግሁም በቃ።

ስለዚህ እስከ መንፈቁ ልጅቷ መናገር ነበረባት። ከመጽሐፉ ሌላ ዓይኗን የሚስበው ነገር አላገኘሁም። ግጥሙን በአማርኛ ራሴ ላወጣ ሞከርኩ፤ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ቢመጣልኝስ? ዓመት ባልሞላው የለቅሶ ቤት ጥቁር የለበሰች ሴት ስለ ዳክዬ ስትዘፍን ሰፈሩ ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እሹሩሩ እንኳ አይባልም። በመጨረሻ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መጽሐፉን ይዤ አልቃሿ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ከተማው ውስጥ ቤት መምታት የሚችል ሌላ ሰው አላውቅማ።

መጽሐፉን አገላበጡት። ዘፈን አልችልም አሉኝ፤ በልጅነቴም አልቻልኩም። ሙሾ ከሆነ ግን ይሁን፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሙሾ ደግሞ ማን ይከለክልሻል? ይኼ በኔ ጭንቅላት አልመጣም ነበር።

ሙሾ አውራጅ ዝም ብሎ አፉን አይከፍትም። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ከሟቹ ዘመድ ጎን ቁጭ ብለው በጆሮ ይጠይቃሉ፤ የማን ልጅ ነው፣ አገሩ የት ነው፣ ሙያው ምን ነበር፣ ማንን ትቶ ሄደ። ያን ካላወቁ አንድ ቤት አይመታላቸውም። ዳክዬዋንም እንደዚያው ጠየቁኝ። አገሯ የት ነው አሉ፤ እኔ እንጃ አልኩ፤ እንግዲያው የዚሁ የጭሮ ትሁን አሉ። ባርኔጣው የማን ነው አሉ፤ የራሷ መሰለኝ አልኩ። ልጅ አላት ወይ አሉ፤ ሥዕሉ ላይ የለም አልኩ። ዘር ሳታስቀር ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አወረዱት፦

የጭሮዋ ዳክዬ ውሃውን ልትቀዳ፣
ባርኔጣዋን ጥላ በሰው አገር ሜዳ፣
የት ሄደች? የት ሄደች?

ደረታቸውንም መቱ። ዳክዬዋ እኮ አልሞተችም አልኳቸው። ካልሞተች ለምን አስለቀስሽኝ ብለው ተቆጡ። ሕፃን ናት፣ ሞት አይግባበት ብዬ ለመንኳቸው። እኔ ያልሞተ ሰው አላውቅበትም አሉ። በስንት ጭቅጭቅ ተስማማን፤ ማንም አይሞትም፣ ሁሉም ይሄዳል። መሄድ ይበቃኛል አሉ፤ ግማሹን ሥራ ይሠራልኛል።

እንደዚህ እያልን የፈረንጅ አገሩን እንስሳ ሁሉ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው አደረግነው። ጥንቸሏ በካፖርቷ ምክንያት ባለጸጋ ተባለችና የበደሳ ሆነች፦

የበደሳ ጥንቸል ካፖርት የለበሰች፣
ጫት ማሳ ውስጥ ገብታ ማንን አስለቀሰች፣
የት ሄደች? የት ሄደች?

ዝሆኑ የተሸከመውን ጆንያ ሲያዩ ጊዜ አልፈጀባቸውም፦

የገለምሶው ዝሆን ቡና እንደ ጫነ፣
ገበያውን ትቶ አሰቦት መነነ፣
የት ሄደ? የት ሄደ?

አሰቦት ገዳም መግባቱን ነግረውን ሲያበቁ የት ሄደ ማለት ምንድን ነው ብላቸው፣ የሚጠይቀው የዝሆኑ ቤተሰብ ነው አሉኝ። ጠጉራሙ አውሬ ላይ ሲደርሱ ግን ገጹን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ስሙን አላወቅነውም። ዘመድ የሌለው፣ በሰው አገር የቀረ ነው አሉ፤ እንዲህ ላለው ነው እኔ የማዝነው። ለሱ ያወረዱት ከሁሉም ይበልጥ ነበር፦

አገርህ ወዴት ነው ጠጉራም እንግዳ፣
ለናትህ ማን ይሂድ ይህን ሊያረዳ፣
የት ሄደ? የት ሄደ?

ይህን ሲሉ የራሳቸው ዓይን እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ጠርገው ንፍሮ አለሽ ወይ አሉኝ። አሳማው ላይ ግን እንቢ አሉ። ለሱ አፌን አላረክስም፣ ዘመዱም ቢከፍለኝ አላለቅስለትም አሉ። ጫት ነጋዴው ጎረቤታችን ይኼን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሃይማኖት ነገር ከሳቸው ጋር አንድ ቃል ሆኑ። ገጹን እንዝለለው ተባለ።

ግጥሙን በወረቀት ቁራጭ ጻፍኩና በዱቄት ሙጫ ከፈረንሳዩ ጽሑፍ ላይ ለጠፍኩት። ከሰዓት በኋላ ፈትሌን ይዤ ቁጭ ስል አልቃሿ ይመጣሉ፣ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወርዳሉ። ልጅቷ መጀመሪያ አፋቸውን ብቻ ነበር የምታየው። ከጥቂት ቀናት በኋላ መስመሩ ሊያልቅ ሲል አፏን ከፍታ መጠበቅ ጀመረች። አሳማው ላይ ስንደርስ ዘለው ሊያልፉ ሲሉ ግን ገጹን በመዳፏ ያዘችባቸው። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቷ እኔን አየችኝ። ሌላ የሚልላት አልነበረም፣ እኔ ልልላት ነው። የመጣልኝን አልኩ፦

አሳማው ወፍራሙ ማንም ያልዘመደው፣
ጭቃ ላይ ተኛና እንቅልፍም ወሰደው።

አልቃሿ ዞረው አዩኝ። የትም አልሄደም እንዴ አሉ። አልሄደም፣ ተኝቷል አልኳቸው። ይኼ ምኑ ግጥም ነው ብለው አጣጣሉት። ከዚያ ወዲያ ግን አሳማው የኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቀን ዳክዬዋ ላይ አልቃሿ ትንፋሽ ሲስቡ ልጅቷ ቀደመቻቸው። የት ሄደች አለች። ጥርት አድርጋ፣ በሳቸው ዜማ፣ እጇንም ደረቷ ላይ አድርጋ። አልቃሿ እልል ሊሉ ተነሥተው የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ እንዝርቴን አነሣሁ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን የሰው ወሬ እንደ ሰማሁ ያህል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ስለ ሁሉም ነገር መጠየቅ ያዘች። ድመቷ ስትወጣ የት ሄደች፣ ዝናቡ ሲያባራ የት ሄደ። ስለ አባቷ አልጠየቀችኝም። 

ችግሩ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ያን ቀን አልቃሿ ደስ ብሏቸው ስለ ነበር ድምፃቸውን ማፈኑን ረሱት፤ የሳቸው ድምፅ ደግሞ ካልታፈነ መንገዱን ይሻገራል። በኛ አገር ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ከገበያ የሚመለሱ የገጠር ሴቶች ሸክማቸውን ደጃፌ ላይ አወረዱ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እያለቀሱ ገቡ። ጎረቤቶቼ ተከተሉ። ጫት ነጋዴው ኢንና ሊላሂ እያሉ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። የዕድሩ ሰው ድንኳን ሊያስተክል ሰው ልኮ ኖሯል። ቤቱ ሞልቶ ማን ሞተ ሲባል፣ እኔ ልጅቷን ታቅፌ መጽሐፉን ይዤ ተቀምጫለሁ። አልቃሿ ሳያፍሩ፣ ዳክዬ ናት አሉ።

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ጫት ነጋዴው ሥዕሉን አይተው አስተግፊሩላህ አሉና ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። አንዲት ከበደሳ በኩል የመጡ ሴት ግን አልተነሡም። ነገሩን በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ ገባኝ አሉ። ከመጣሁ አይቀር ለልጄ ላልቅስ፣ ስቀብረው በቅጡ አላለቀስኩለትም አሉ። አልቃሿ እኔን አዩኝ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። የበደሳዋን ጥንቸል አወረዱላቸው። ሴትዮዋ እስኪወጣላቸው አለቀሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ሸክማቸውን አንሥተው መረቁንና ሄዱ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እንዴት እንደዚያ እንደሚቻል እያየሁ ቀናሁባቸው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለመደው። ከቤቴ ሙሾ ሲሰማ ማንም ከሥራው ቀና አይልም፤ መጽሐፏን እያነበበች ነው ይላሉ።

እታለም ይህን አያውቁም። በመንፈቁ ዋዜማ ከሚኤሶ በጭነት መኪና መጥተው ከአውራ ጎዳናው ሲወርዱ፣ ከቤታችን በኩል የት ሄደች፣ ማንን አስለቀሰች የሚል ሙሾ ሰሙ። በቤቱ ከኔና ከልጅቷ ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ። እኔ የሰማሁት ደጃፉ ላይ የወደቀ ሰው ጩኸት ነው። የወንድሜን ዓይን እያሉ አፈሩ ላይ ይንከባለላሉ፤ ለልጅቷ የገዙት ቀሚስ የተጠቀለለበት ወረቀት ተቀዶ አጠገባቸው ወድቋል። አልቃሿ ምን እንደ ሆነ ሳያጣሩ፣ ሰው ሲያለቅስ መስማታቸው በቃቸውና ድምፃቸውን አንሥተው ተቀበሏቸው። ልማድ ነው። ልጅቷን አቅፌ ወጣሁ። እታለም ቀና ብለው አዩን። ሮጠው ልጅቷን ከእጄ ነጠቁኝ፣ ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን እየሳሙ እንደ ገና አለቀሱ። ልጅቷ በአፈር የተለወሰ ፀጉራቸውን እያየች የት ሄደች አለቻቸው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሌላ ሴት የኔ ልጅ የሞተች መስሏት መሬት ላይ ስትንከባለል ያየሁ፣ አንድ ጠብታ እንባ ያላወጣሁ እናት። እታለም ያን አዩ። ያን ማታ ሽማግሌ ሊለምኑ ወጡ።

በማግሥቱ የመንፈቁ ጸሎት ካለቀ በኋላ የንስሐ አባታችንና የዕድሩ ዳኛ ቤታችን ተቀመጡ። አልቃሿም ሳይጠሩ መጥተው ጥግ ይዘዋል። እታለም ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተናገሩ። አፏን መፍታቷን አልክድም አሉ፤ የፈታችው ግን በሙሾ ነው። በሕይወት ያለ ልጅ ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ትናንት ሞቷን አይቻለሁ፣ ሌላ ቀን እንዳይደርስ እፈራለሁ። እናቷ ደግሞ ለባሏም አላለቀሰች፣ እኔ አፈር ላይ ስወድቅም ቆማ አየችኝ። ልቧ ደርቋል፤ በደረቀ ልብ ልጅ አያድግም። ሁሉም እውነት ነበር። 

አልቃሿ ጣልቃ ገቡ። እንባ ነው የጎደላት አሉ፤ እኔ የዚህን ከተማ ሙት ሁሉ አልቅሼለታለሁ፣ ከልቤ ያዘንኩት ለስንቱ እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ ታፍራላችሁ። እንባ ከሆነ የምትፈልጉት እኔ አለሁ፣ አሁን ላምጣላችሁ። ቄሱ ዝም በይ አሏቸው።  ልጅቷ ወሬው ሰልችቷት እታለም ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

ቄሱ ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እኛ የምንፈርደው በሰማነው ነው። ልጅሽን ትወጃታለሽ ወይ?"

ሁሉም አዎ እንድል ይጠብቃል፤ እታለምም ሳይቀሩ። አንዲት ቃል ነበረች። አዎ ብል ሽማግሌዎቹ ለኔ ይፈርዳሉ፣ ነገሩም ያልቃል። ውስጤን ፈለግሁ፤ የማገኘው ነገር አልነበረም፣ በንስሐ አባቴ ፊት ደግሞ ያላገኘሁትን አገኘሁ ማለት ፈራሁ።

"አላውቅም አባ" አልኩ። "ከሞተ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም።"

  እታለም ግን ቁጣቸው ወርዶ፣ እንደ መለመን ባለ ድምፅ፣ "ታዲያ ለምን አትሰጪኝም?" አሉኝ።

"ጠዋት የምነሣው ለሷ ነው" አልኩ። "እሷ ስለምትራብ እነሣለሁ። ከወሰዷት አልነሣም።"

 እታለም ተላጭቶ ገና ያላደገ ፀጉሬን አዩ። ወንድማቸውን እንዴት እንዳሳደጉት፣ እሳቸውስ ድሬዳዋ ባዶ ቤታቸው ውስጥ ጠዋት ለማን እንደሚነሡ፣ ያን ሁሉ ያሰቡ ይመስለኛል፤ አልነገሩኝም። ከዚያ ልጅቷን እንደ ተኛች አቅፈው ተነሡ። ወደ በሩ የሚሄዱ መስሎኝ ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ። መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና ጭኔ ላይ አስተኟት፣ ራሷንም በእጃቸው አስተካከሉልኝ።

ያዣት አሉኝ። ተቀበልኳት፤ ከበደችኝ። በየቀኑ የማነሣት ልጅ ናት፤ ክብደቷ ግን ያን ቀን ገና ተሰማኝ።